ከማገዛችን በፊት እንጠይቅ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በጀመዓችን ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ኺድማ ይሄዳል፤ ማን ምግብ ያመጣል፣ ማን ቦርሳ ይይዛል፣ ለጁምዓ ማን ይዞት ይሄዳል። መልካም ሥራ ነው፣ አላህ ይቀበላችሁ። ግን ሰውየው ራሱ ምን መሥራት እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም።

ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ አለ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ስሙን የሰማ ሥራ ማስቀጠር ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ እግር እንዲጠነክር፣ መገጣጠሚያ እንዲታጠፍ ይሠራል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ደግሞ «ጠዋት ስትነሳ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። መልበስ፣ መታጠብ፣ መጉረስ፣ መጻፍ፣ ባጃጅ መሳፈር ሁሉ የእሱ ጉዳይ ነው። ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ ማኅበር መሠረቱ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችም ሙያውን አስፋፉት። በአገራችን ገና ለጋ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ለማቻክል ወይም ለስናን ገበሬ ልጅ ግን ጎንደር ከደብረ ማርቆስ በባሕር ዳር በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ደስ የሚለው፣ ብዙዎቹ ዘዴዎች ቀላል ናቸው። አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሸሚዝ ሲለብስ የደከመውን እጅ አስቀድሞ ያስገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ላይ ያወጣዋል። ባጃጅ ሲገባ አስቀድሞ ይቀመጥና እግሮቹን ቀጥሎ ያስገባል። ጣቶቹ አጥብቀው መያዝ ለማይችሉ የማንኪያው ወይም የእስክሪብቶው መያዣ ላይ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ተጠቅልሎ ይወፍራል። የማርቆስን ብርድ የምታውቁ ደግሞ ይህን አስቡ፤ ሁለት እጁ ክራንች የያዘ ሰው ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት በምን ይመልሰዋል? ደረቱ ላይ የሚቋጠር ማሰሪያ ቢሰፋለት በቂ ነው። ኢንጂነሪንግ ማለት ይህም ነው፣ ካልኩለስ የሌለበት።

መድረሳ ሳለን አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ነበር። ሉሑን የሚሸከምለት አጥቶ አያውቅም፣ እንዲያውም እንሻማ ነበር። አንድ ትልቅ ደረሳ ሉሑን በስቶ ገመድ አበጀለት፤ ልጁ አንገቱ ላይ እያንጠለጠለ ብቻውን መምጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከሁላችን ቀድሞ የሚገኘው እሱ ሆነ። ለካ ይዘገይ የነበረው እኛን ሲጠብቅ ነው።

«መተጋገዝ ሰደቃ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው። ነገር ግን መጸዳጃ ቤት የሚያደርሰውን ሰው ሌሊት ላለመቀስቀስ ሲል ማታ ውሃ የማይጠጣ ተማሪ አውቃለሁ። በሐምሌ ዝናብ ለፈጅር ውዱእ ማንቆርቆሪያ የሚይዝለት ሰው መፈለግ ምን ያህል እንደሚከብድ እሱን ጠይቁት። ለኛ አጅር የሆነው ለእሱ በየቀኑ የሰውን ፊት ማየት ነው። ሸሪዓችን መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለም በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ አግርቶለታል። ሶላቱ የገራለት ሰው የውዱእ ቦታው ደረጃ ሊያግደው አይገባም።

ደረጃን በተመለከተ ሕጉም አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በተለመደው ልክ ራምፕ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ይፈልጋል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለሆነች አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ማለት ነው። በተግባር የምናየው አንዳንድ ራምፕ ግን በጣም ቀጥ ከማለቱ የተነሳ እኔ ራሴ ሮጬ ነው የምወጣው። በቧንቧው ፊት መቀመጫ፣ በግድግዳው ላይ መያዣ ብረት፣ በሚዞር ቧንቧ ፈንታ በክርን የሚገፋ፤ እነዚህ አንድ ብየዳ ቤት በአንድ ቀን የሚጨርሳቸው ናቸው።

ስለዚህ የኺድማ ክፍላችን በመዝገቡ ላይ «ምን እናድርግለት?» በሚለው ቦታ «ራስህ ልትሠራው የምትፈልገውና የቸገረህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጻፍ፤ መልሱን ከባለቤቱ ይቀበል። እህቶችም ዘንድ እንዲሁ። የሲቪልና የሜካኒካል ልጆች ሜትር ይዘን እንመጣለን፤ መለካቱን ከውዱእ ቦታው እንጀምር።