አዲስ ዕቃም ይለካል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት አሮጌ ሞተር ለሚያሳድስ ሰው ጭምር የተነገረ ይመስለኛል።

ከአባቴ የወረስኋት ባለ 1200 ቮልስዋገን ሞተሯ ደክሞ ስለ ነበር፣ ከደመወዜ ለብዙ ወራት ቈጥቤ አሳደስኋት። ያለቀው ኮሎ በማሽን ተላጠና ከውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። ስለዚህ በዚያው ልክ የጠበበ ብሮንዝ ያስፈልገው ነበር። የተገዛው ሣጥን «0.25» ይላል፤ መካኒኩም አመነ፣ እኔም አመንሁ፣ ተገጠመ። ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ እንደ ሙቀጫ ይወቅጥ ጀመር፤ የዘይቱም መብራት በራ። ቢፈታ፣ ብሮንዙ ላልተላጠ ኮሎ የሚሆን ኖሯል! ትክክለኛው ልክ በጀርባው ታትሞ ሳለ ገልብጦ ያነበበ አልነበረም።

ነጋዴውን መውቀስ ይገባል፤ ሳንለካ የገጠምነው ግን እኛ ነን። በዚህ ሞተር በኮሎውና በአዲሱ ብሮንዝ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.10 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይገባውም። ከዚያ ሲሰፋ ዘይቱ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ብረትም ከብረት ይፋጫል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ማጣሪያውም የሽቦ ወንፊት ነው፤ ስለዚህ ደቃቁ የብረት ብናኝ ሞተሩን ሁሉ ይዞራል።

እንደሚታወቀው፣ በአዲስ አበባ ጐዳና ብዙ ዘመን ያገለገለችው ይህች መኪና መሠራቷ በሜክሲኮ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. አብቅቷል። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኘው መለዋወጫ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጥሩም አለበት፣ መናኛም አለበት። «አዲስ ነው» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቁጥሩን ከሣጥኑ ሳይሆን ከዕቃው ላይ ማንበብ፤ የተላጠውን ኮሎ በማይክሮሜትር መለካት፤ አሮጌውንና አዲሱን ጐን ለጐን አድርጎ ማስተያየት፤ አራቱን ፒስተኖች መመዘንና ልዩነታቸው ከ10 ግራም እንዳይበልጥ ማረጋገጥ፤ በመጨረሻም ኮሎው ከተገጠመ በኋላ በእጅ አዙሮ ሳይጨነቅ መዞሩን ማየት ነው።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የአንድ ሰዓት ልኬት ንቄ የብዙ ወራት ቍጠባዬን አጥቻለሁና ሒሳቡን ዐውቀዋለሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩ የጋራዥ ብቻ አይደለም። ሳይቈጥር «ተረክቤአለሁ» ብሎ የሚፈርም የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም፣ ሳያነብ ማኅተም የሚመታ ጸሐፊ፣ የሣጥኑን ጽሕፈት አምኖ ከገጠመው መካኒክ በምን ይለያል? እምነት መልካም ነው፤ ከልኬት በኋላ ሲመጣ ግን ይበልጥ ይጸናል።