የቁንዱዶ ፈረሶችና የባለቤትነት ጥያቄ

በአዲስ አበባ አትክልት ተራ እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ለረጅም ዓመታት የመዲናዋ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያ ሆኖ ማገልገሉ ይታወቃል። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም በሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደተዘጋጀው ስፍራ መዛወሩም አይዘነጋም። ያኔ ሽንኩርትና ቲማቲም የተዘረገፈበት ጃንሜዳ ቀደም ባሉት ዘመናት የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድበት የነበረ ሜዳ ነው።

በአትክልት ተራና በመርካቶ ዙሪያ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ለጋማ ከብት እንግዳ አይደለም። ጭነት ተሸክመው በመኪናና በሰው መካከል የሚሹለከለኩትን አህዮች በየዕለቱ ያያል። ጉልበታቸው ሲደክም ወይም ጀርባቸው ሲቆስል ከባለቤታቸው እጅ ወጥተው በመንገድ አካፋይ ላይ ሣር የሚለቅሙ ፈረሶችንም ይመለከታል። ለከተማ ነዋሪ ባለቤት የሌለው ፈረስ ማለት ይኸው የተጣለ ፈረስ ነው። የትራፊክ እንቅፋት ከመሆኑ በስተቀር የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ አይገኝም።

በምሥራቅ ሐረርጌ ግን ባለቤት የሌለው ፈረስ ፍጹም የተለየ ትርጉም አለው። በጉርሱም ወረዳ አካባቢ የሚገኘው የቁንዱዶ ተራራ አናቱ ሜዳ የሆነ፣ ዙሪያው በገደል የተከበበ አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር በሚጠጋው በዚህ አምባ ላይ ማንም የማይጭናቸው፣ ማንም የማይለጉማቸው ልቅ ፈረሶች መኖራቸው በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተካሄደ የጥናት ጉዞ ደግሞ ጉዳዩን ለአገር ውስጥና ለውጭ አገር ባለሙያዎች ይበልጥ እንዲታወቅ አድርጓል። በአፍሪካ በዚህ ሁኔታ ዱር ገብተው በነፃነት የሚኖሩ ፈረሶች እምብዛም አይገኙም። ከቁንዱዶ ጋር አብሮ ስሙ የሚነሳው የናሚቢያ በረሃ መንጋ ነው።

አሳሳቢው ነገር ቁጥራቸው ነው። በዚያን ጊዜ የተደረጉ ቆጠራዎች በአምባው ላይ የቀሩት ፈረሶች ደርዘን እንኳ በቅጡ የማይሞሉ መሆናቸውን አመልክተዋል። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ ያላት አገር ናት። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን በዓል የተመለከተ ሰው በዚህች አገር ፈረስ ሊጠፋ ይችላል ቢባል ላያምን ይችላል። ነገር ግን የፈረስ ብዛትና የፈረስ ዝርያ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችንና በውጭ ተመራማሪዎች ትብብር የታተመ ጥናት የኢትዮጵያን ፈረሶች በ8 ዓይነት ሲከፍል አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ካፋ፣ ሰላሌና ኦጋዴን ከሚባሉት ጎን ቁንዱዶን ራሱን አስችሎ አስፍሯል። ከስምንቱ በሰው እጅ ያልሆነው እርሱ ብቻ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አንድ የእንስሳት ዝርያ የሚራቡ እንስቶቹ ከ100 ወይም የሚራቡ ወንዶቹ ከ5 ካልበለጡ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ እንደሚገኝ ይቆጥራል። የቁንዱዶ መንጋ በሁለቱም መመዘኛዎች ከዚህ መስመር በታች የወደቀ ነው። የፈረስ መንጋ አኗኗር ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። አንድ ብርቱ ድንጉላ ባዝሮቹን በዙሪያው ሰብስቦ ሌሎች ወንዶችን ያርቃልና በቁጥር ካሉት መካከል ለቀጣዩ ትውልድ ዘር የሚያበረክቱት ጥቂቶች ናቸው። ለምሳሌ አንድ ድንጉላና አምስት ባዝሮች ብቻ ቢራቡ በዘረመል ስሌት የመንጋው ውጤታማ ቁጥር ከ4 በታች ይሆናል፤ የቅርብ ዝምድና እርባታውም በአንድ ትውልድ በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር አባት ከልጁ፣ ወንድም ከእህቱ መዋለዳቸው አይቀሬ ይሆናል።

እንግዲህ የመንጋው ዕጣ የሚወሰነው በየዓመቱ በሚወለዱት ጥቂት ውርንጭሎች ነው። ባዝራ የምታረግዘው ወደ 11 ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሲሆን የምትወልደውም በአብዛኛው አንድ ብቻ ነው። ውርንጭላው በተወለደ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ በእግሩ መቆም፣ የመጀመሪያው ቀን ሳያልፍም የእናቱን እንገር በበቂ ሁኔታ መጥባት ይኖርበታል። ከበሽታ የሚከላከለው አቅም የሚገኘው ከእንገሩ በመሆኑ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚደረግ እርዳታ ብዙም አይፈይድም። በአምባ ላይ ግን እንገር የሚያልብ፣ እትብት የሚያጸዳ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ወላድ ባዝራ ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች፤ ገና ያልጠነከረው ውርንጭላም ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ልቅ መንጋ በሚወልድበት ወቅት ከሁሉ የሚበልጠው እንክብካቤ አለመቅረብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ለእንስሳት ሀብት ባለሙያዎቻችን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ሥልጠናቸው ሁሉ የቀረበን እንስሳ ስለማከም ነውና።

የቁንዱዶ ውርንጭላ ዋነኛ ተቀናቃኞች ሰውና ጅብ ናቸው። የአካባቢው አርሶ አደሮች ልቅ ፈረሶችን እየያዙ ለማለማመድና ለሥራ ለማዋል መሞከራቸው ለመንጋው መመናመን በምክንያትነት ሲጠቀስ ቆይቷል። ለመያዝ የሚቀለው ደግሞ ወጣቱ ነው። ለአንድ አርሶ አደር አንድ ፈረስ ትልቅ ሀብት በመሆኑ ድርጊቱን በክፋት ብቻ መተርጎም ፍትሐዊ አይደለም። ሂሳቡ ግን ከባድ ነው። አምስት ባዝሮች ባሉበት መንጋ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ውርንጭላ ቢገኝ መልካም የሚባል ነው። ከእነዚህ አንዱ በገመድ ተይዞ ቢወርድ፣ አንዱን ጅብ ቢበላው፣ በዚያው ዓመት አንዲት አሮጊት ባዝራ ብትሞት መንጋው ባለበት ይረግጣል። ሁለት ውርንጭላ ከተያዘ ማሽቆልቆል ይጀምራል። በከብትና በእርሻ መስፋፋት ግጦሹ ሲጠብ ደግሞ የሚያጠቡት ባዝሮች ቀድመው ይጎዳሉ።

የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በናሚቢያ በጋሩብ አካባቢ የሚኖሩት የበረሃ ፈረሶች እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት የድርቅ ዓመታት በተራቡ ጅቦች ክፉኛ ተጠቅተዋል። የተወለዱት ውርንጭሎች በሙሉ እየተበሉ አንድም ሳያድግ የቀረባቸው ዓመታት ነበሩ። ፈረስ ረጅም ዕድሜ ያለው እንስሳ በመሆኑ ከሩቅ ለሚያይ ሰው መንጋው ለጊዜው ሙሉ መስሎ ይታይ ነበር፤ ያረጁት መሞት ሲጀምሩ ግን ተተኪ አልተገኘም። የአገሪቱ ባለሥልጣናትም ከብዙ ክርክር በኋላ ጅቦቹን ከአካባቢው ለማራቅ ተገደዋል።

የአሜሪካው አሳቲግ ደሴት ችግር ከዚህ ተቃራኒ ነው። በደሴቲቱ ላይ ሁለት ልቅ የድንክ ፈረስ መንጋዎች በአጥር ተለያይተው ይኖራሉ። በሰሜን፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በኩል ያለውን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሲሆን ፈረሶቹ ከሣሩ አቅም በላይ እንዳይበዙ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባዝሮችን ከርቀት በሚተኮስ የወሊድ መከላከያ ይቆጣጠራል። በደቡብ፣ በቨርጂኒያ በኩል ያሉት ደግሞ የቺንኮቲግ ከተማ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ንብረት ናቸው። የአዋቂ ፈረሶች ቁጥር ከ150 እንዳይበልጥ ተወስኗል። በየዓመቱ በሐምሌ ወር መንጋው የባሕር ሰርጡን በዋና እንዲሻገር ተደርጎ ውርንጭሎቹ በጨረታ ይሸጣሉ፤ ገቢውም ለእሳት አደጋ ሥራና ለፈረሶቹ ሕክምና ይውላል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የቀጠለ ነው። ከሚሸጡት መካከል ጥቂቶቹ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ውርንጭላውን ግን ለመንጋው ተተኪ እንዲሆን ወደ ደሴቲቱ እንዲመልስ በሚያስገድድ ውል የሚሸጡ መሆናቸው ሳይጠቀስ አይታለፍም።

የእኛ አምባ ከደሴት ብዙም አይለይም፤ ባሕሩ ገደል ነው። ይሁን እንጂ ከአሳቲግ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያውም ሆነ ጨረታው አይደለም፤ ለቁንዱዶ አሁን ከመንጋው የሚቀነስ አንድም ውርንጭላ ሊኖር አይገባም። የሚወሰደው እያንዳንዱ ፈረስ ኃላፊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ ነው። በሰሜን ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ በደቡብ ሕዝባዊ ማኅበር። በሁለቱም በኩል ፈረስ ሲሞት የሚጠየቅ አለ።

በእኛ በኩል ጉዳዩ በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚወድቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የሚመለከተው በተፈጥሮው ለማዳ ያልሆነን እንስሳ ነው። የቁንዱዶ ፈረስ አያት ቅድመ አያቶቹ የቤት እንስሳት ስለነበሩ ከዱር እንስሳት ባለሙያ ዓይን ዱር የገባ የቤት ከብት እንጂ የዱር እንስሳ አይደለም። የግብርናው ዘርፍ በበኩሉ የሚያገለግለው ባለቤት ያለውን እንስሳ ነው፤ ክትባትም ሆነ ኤክስቴንሽን የሚደርሰው በአርሶ አደሩ በኩል ነው። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የአገር በቀል ዝርያዎችን ጄኔቲክ ሀብት የመጠበቅ ኃላፊነት ቢኖረውም አምባው ላይ ጥበቃ የሚያቆመው እርሱ አይደለም። መሬቱ የክልሉና የወረዳው ነው። የቱሪዝም ዘርፉም ፈረሶቹን በመስህብነት ከማስተዋወቅ ያለፈ ሥልጣን የለውም። የአፋር የዱር አህያ በመጥፋት ላይ ያለ መሆኑ ታውቆ በሕግ ስም ሲወጣለት፣ የሥጋ ዘመዱ የሆነው ፈረስ ግን አያቱ ጋሪ ጎትቷል በሚል ከሕጉ ጥላ ውጪ ሊቀር ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን አዲስ አዋጅ ማውጣት የግድ አይመስልም። ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን በ1986 ዓ.ም. ማጽደቋ ይታወቃል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦት አዋጅ ቁጥር 482ም ማኅበረሰቡ ከሀብቱ ተጠቃሚ የመሆን መብቱን አውቋል። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ክልሉ አምባውን በተወሰነ ክልል እንዲጠበቅ ማድረግ፣ ኢንስቲትዩቱና በአቅራቢያው የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሙያዊ ክትትሉን መያዝ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ የዕለት ተዕለት ኃላፊነቱን መውሰድ ይችላሉ። ዋናው ቁም ነገር ከሦስቱ አንዱ በደብዳቤ ተጠሪ ሆኖ መሰየሙ ነው። ሦስቱም በእኩል ተጠሪ ከሆኑ ማንም ተጠሪ አለመሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አርሶ አደሩን ከውርንጭላ መያዝ ለማራቅ ቅጣት ብቻውን በቂ እንደማይሆን መገመት ይቻላል። ገደሉን ወጥቶ ሌሊት የሚጠብቅ ፖሊስ አይኖርም። ይልቁንም በአምባው ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የጋማ ከብት ሕክምናና በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተውን የፈረስ በሽታ ክትባት በነፃ ማዳረስ ሁለት ጥቅም አለው። የአርሶ አደሩ የራሱ ፈረስና አህያ ከተረፈለት ከአምባው የሚያወርደው ምክንያት ይቀንሳል፤ ከታች ያለው በሽታም ወደ ላይ የመድረስ ዕድሉ ይጠባል። የፈረሶቹ ጠባቂዎች ከእነዚሁ ቤተሰቦች ቢመረጡ ደግሞ የትኛዋ ባዝራ መቼ እንደወለደች ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

የዝምድና እርባታውን ለማርገብ ከውጭ ፈረስ ይጨመር የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። በቺንኮቲግ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ተደርጓል። በቁንዱዶ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። አንድ ብርቱ የውጭ ድንጉላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመንጋው ሁሉ አባት ሊሆን ስለሚችል ሊድን የታሰበው ዝርያ በማዳኑ ሥራ ይጠፋል። ቀድሞ ከአምባው ተይዘው የወረዱ ፈረሶች ወይም ልጆቻቸው በአካባቢው ገበሬ እጅ ካሉ፣ ከእነርሱ መካከል ባዝሮችን መርጦ መመለስ ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ነው። ለዚህ ደግሞ ለባለቤቱ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ይጠይቃል፤ ወጪውም ለአንድ ወረዳ እንኳ ከባድ የሚባል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ቆጠራው ነው። ፈረሶችን በመልካቸው፣ በግንባራቸው ነጭና በእግራቸው ምልክት አንድ በአንድ ለይቶ በፎቶግራፍ መመዝገብ ከጥንድ የርቀት መነጽርና ከአንድ መዝገብ ያለፈ መሣሪያ አይጠይቅም። በመዝገቡ ላይ የድንጉላና የባዝራ ቁጥር መስፈሩ ብቻውን አይበቃም። ዘንድሮ የተወለዱ፣ ዓመት የሞላቸውና የጎደሉ የሚሉ ሦስት አምዶች ሊኖሩት ይገባል፤ የጎደለው ፊት ለፊትም በጅብ ነው ወይስ በገመድ የሚለው ይሞላል።