ካራቴ ወይስ ጁዶ?



ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችን «ካራቴ አስመዝግቡን» ማለታቸው የታወቀ ነው። መማራቸውን እንደግፋለን፤ ፊልም አይቶ መምረጥ ግን አይበጅም። በቴኳንዶ አብዛኛው ምት የእግር ነው። ካራቴ እጅንም እግርንም ያሠራል። ጂጎሮ ካኖ የተባለው ጃፓናዊ መምህር በ1882 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ጁዶ ደግሞ እንደኛ ትግል ይዞ መጣል ነው፤ በውድድሩ መማታት ክልክል ነው። የጁዶ ጀማሪ አስቀድሞ አወዳደቅ ይማራል። ታዲያ በሲሚንቶ ላይ ምን ዓይነት መውደቅ አለ!

ስለዚህ ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ወለሉ ፍራሽ አለው ወይ? አስተማሪው ትንሹን ልጅ ከጎረምሳ ጋር ያጋጥማል ወይ? ልጁ አመመኝ ሲል ያስቆመዋል ወይስ ይስቅበታል? የሚስቅ ከሆነ፣ ቀበቶው የፈለገውን ያህል ቢጠቁር ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሴቶች ልጆቻችሁንም አስመዝግቡ፤ ለወንድ ብቻ ነው የሚባለው ወሬ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ