ከተሰበረ ስልክ የሚወጣ ወርቅና የጓዳ ማንጠሪያ

የወርቅ ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ወርቅ የሌለበት ቦታ ሁሉ ወርቅ ያለበት መስሎ ይታያል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ስልክ የሚጠግን ባለሱቅ ከመደርደሪያው ሥር የሚያጠራቅመው የተሰበረ ስልክ ከመለዋወጫነት በቀር ጥቅም ይኖረዋል ተብሎ አይታሰብም ነበር። አሁን ግን በኢንተርኔት የሚሠራጩት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ሰው በገዛ ጓዳው በአሲድ ወርቅ ሲያወጣ ስለሚያሳዩ፣ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ወጣት ነጋዴ «እኔስ?» ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሒሳቡን ሳይሠራ የጀመረ እንደ ሆነ ነው።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ በአማካይ 0.034 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት ግራም ለማግኘት 30 የሚያህሉ ስልኮች ያስፈልጋሉ፤ ይኸውም ቅንጣት ሳይባክን ነው፤ በጓዳ ሥራ ደግሞ መባከኑ አይቀርም። የቶኪዮ ኦሊምፒክ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 ድረስ 6.21 ሚሊዮን የእጅ ስልኮችና ወደ 79,000 ቶን የሚጠጋ ሌላ አሮጌ መሣሪያ ተሰብስቦላቸው ለሜዳልያ ያገኙት ወርቅ 32 ኪሎ ግራም ነበር። አንድ አገር ሁለት ዓመት ተባብሮ ያገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ በአንድ ካርቶን ስልክ የሚከብር ባለሱቅ አይኖርም።

ኪሳራው ግን በገንዘብ ብቻ አይቆምም። ወርቅን የሚያሟሟው ፈሳሽ ከናይትሪክ አሲድና ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚደባለቅ ሲሆን፣ ሲሠራ የሚወጣው ቡናማ ጢስ ሳንባን ያቆስላል። ክፋቱም ሠራተኛው በጊዜው ጥቂት ሳል ብቻ ተሰምቶት ከተኛ በኋላ፣ ከብዙ ሰዓት ቆይቶ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር መቻሉ ነው። ከስማዳ ቆላ እስከ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም አያጣውም። ነፋስ መውጫ እንደ ስሙ ነፋስ አያጣ ይሆናል፤ ጓዳ ግን ነፋስ የለውም። በአሮጌ ቦርድ ላይ ያለው የብየዳ እርሳስም በጢስና በአቧራ ሆኖ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የተረፈው አሲድ መዳብና እርሳስ ተሸክሞ ከደጅ ሲደፋ መድረሻው የጎረቤት ጉድጓድ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ የሚወጣውም ወርቅ ቢሆን መዳብና ብር ስለሚቀላቀልበት፣ አንጥረኛው በመፈተኛ ድንጋዩ ላይ ፍቆ ባየው ጊዜ ዋጋው ይወርዳል። ዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ከዚያው ከደብረ ታቦር አጠገብ ነው፤ ማቅለጥ የራሱን ሠፈርና የራሱን እቶን እንደሚፈልግ በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

እንዲህ ሲባል ወርቁ የለም ማለት አይደለም። አንድ ቶን የስልክ ቦርድ ከአንድ ቶን ተራ የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ብዙ እጥፍ ወርቅ ይይዛል። ነገር ግን ጥቅሙ ያለው በቶን እንጂ በካርቶን አይደለም። የሦስቱ አገር ባለሱቆች ባትሪውን ነቅለው (ባትሪው እሳት ያስነሣልና ለብቻው ይቀመጥ)፣ ቦርዱን በደረቅ ቦታ አከማችተው በአንድነት በኪሎ ቢሸጡ፣ ዛሬ ቆራሌው በግምት የሚወስደው ዕቃ ተመዝኖ ይከፈልበታል።

ቦርዱን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴም በቤልጅግ ሆቦከን እንዳለው ያሉ ታላላቅ ማቅለጫዎች ይህንኑ እንደሚቀበሉ ይወቅ። ሆኖም በባዝል ስምምነት መሠረት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ የተቀባዩ አገር ፈቃድ አስቀድሞ ሳይገኝ ድንበር አያልፍም። በአገር ውስጥም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። ይህን ወረቀት አንድ የወገዳ ባለሱቅ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም፤ ስልኩን በሺህ እየቆጠሩ የሚያስመጡት ነጋዴዎች ግን ይችላሉ፤ ሸጠው ካተረፉበት ዕቃ ስብርባሪውን መልሰው ቢረከቡ የሚከብድ አይሆንም።

የንግድ ምክር ቤቶችም የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንደሚነገር ሁሉ የአንድ ኪሎ ቦርድ ዋጋ በየጊዜው ቢያስታውቁ፣ ባለሱቁ የያዘውን ያውቃል። የመጀመሪያውን ጭነት ለመሙላት ዓመት ቢፈጅ፣ መንገዱም አልመች ቢል፣ ቦርድ እንደ ቲማቲም አይበላሽምና ሊጠብቅ ይችላል።