«ሲስተሙ ተፈትሿል» ሲባል ማን፣ እንዴት ፈተሸው?

ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ። ባንኩ ያለ አግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር መሆኑን ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃት አይደለምም አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ሆነ። ገንዘቡ መመለሱ ተገቢ ነው። ግን ሶፍትዌሩስ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት እንዴት ነበር የተፈተሸው?

በየመሥሪያ ቤቱ «ፍተሻ» የሚባለው አንድ ባለሙያ ቁልፍ ተጭኖ፣ ትክክለኛ ቁጥር ሲመጣለት የሚፈርምበት ሥነ ሥርዓት ነው። እውነተኛው ሥራ እንደዚያ አይደለም። ኤቲኤሙ፣ ሞባይሉና ቅርንጫፉ በአንድ ቅጽበት አንድ ሂሳብ ላይ ይረባረባሉ። ሂሳቡ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። አንዱ ፕሮሰስ 1,000 ያነባል፤ ቀሪውን ከመጻፉ በፊት ሌላውም ያንኑ 1,000 ያነባል። ሁለቱም ይከፍላሉ። 2,000 ብር ወጣ! ለየብቻ ሲፈተሹ ግን ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። (የንግድ ባንኩ ችግር ይኸው ነበር ማለት አይደለም፤ የፍተሻው ጥያቄ ግን ያው ነው።)

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ ኦሃዮ የፈርስት ኢነርጂ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ከቀኑ 8:14 ላይ ጸጥ አለ። ተቆጣጣሪዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ አላወቁም። በዚህ መሃል መስመሮች ዛፍ እየነኩ ተቋረጡ፤ 10 ሰዓት አለፍ እንዳለ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ጠፋበት። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ጥፋቱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀባቸው፦ ሁለት ፕሮሰሶች አንድ ዳታ ላይ እኩል ለመጻፍ ገብተው ነበር። የተያዘው ደግሞ ኮዱ ውስጥ ሆን ተብሎ መዘግየት እየተጨመረ፣ የማስጠንቀቂያ መልእክት እየተዥጎደጎደበት ነው። ይህን ከአደጋው በፊት ማድረግ ምን ይከለክላል?

መሣሪያው አለ። አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰርቨር መስሎ ይሠራል፤ ማን እንደሚቀድም ይወስናል፣ ኔትወርክ ይቆርጣል፣ ፕሮሰስ ይገድላል፣ ስህተት ሲያገኝም ያንኑ ቅደም ተከተል እንዳለ ይደግመዋል። የፋውንዴሽን ዲቢ ሠሪዎች ከዳታቤዙ በፊት የሠሩት ይህንን ማስመሰያ ነው። ከዳታቤዙ በፊት!

«ውድ ነው፣ ጊዜ የለም» የሚሉ የአይቲ ኃላፊዎች ከ801 ሚሊዮን ብር ጋር ያወዳድሩት። ብሔራዊ ባንክም ማንኛውም ባንክ ሲስተሙን ከማደሱ በፊት የዚህ ዓይነት ፍተሻ ውጤት ይቅረብልኝ ብሎ መመሪያ ያውጣ።