«ማነው?» «እኔ ነኝ!»

በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ነው። ከትንሽነቱ የተነሳ ማንም ለሽማግሌ አያቀርበውም፤ ማንም በዱዓው ውስጥ አያነሳውም። ነገር ግን ጠዋት ከቤት ከወጣንበት ሰዓት ጀምሮ ማታ እስክንተኛ ድረስ ግንባራችንን የሚያስቋጥረን፣ «ኧረ አላህ ይምራህ!» የሚያሰኘን ብዙውን ጊዜ እርሱው ነው። ስለ ሰዎች ጥቃቅን ልማዶች ማለታችን ነው።

በር ይንኳኳል እንበል። እናት ከማጀት ሆና «ማነው?» ትላለች። ከውጭ ያለው «እኔ ነኝ!» ይላል። ድምፁን አልለየችውምና «ማን ልበል?» ስትል ትደግማለች። «እኔ ነኝ እኮ፣ ክፈቱ!» ይላል አሁንም። ከውጭ የቆመው ወንድሟ ይሁን የባሏ ጓደኛ አላወቀችም፤ ስለዚህ እጇ ሊጥ እንደነካ ሒጃቧን ፍለጋ ትሯሯጣለች። ሰውየው ስሙን ቢናገር ኖሮ ነገሩ በአንዲት ቃል ባለቀ ነበር። ስልክም ቢሆን ያው ነው። «አላወቅከኝም? እስቲ ገምት!» የሚል ደዋይ ያልገጠመው ማን አለ? ሳይታወቅ የቀረ እንደሆነ ደግሞ «ረስተኸኛል ማለት ነው!» ብሎ ይቀየማል።

ይህን ስናነሳ «እናንተ ደግሞ፣ በዚህም ትናደዳላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን ከጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ታሪክ ይገኛል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ጃቢር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሄዶ በር ሲመታ ማን እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም «እኔ» ብሎ መለሰ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያችኑ ቃል መልሰው ደጋገሟት፤ ጃቢርም አባባሉን እንዳልወደዱት ተረዳ። የቡኻሪ ዘገባ እንደሚገልጸው ጃቢር የሄደው በአባቱ ላይ በነበረ ዕዳ ምክንያት ነበር። አባቱ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ የሆኑ ሰው ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጃቢር እጅግ ያዝኑለት ነበር፤ ዕዳውም ኋላ በርሳቸው በረከት ተከፍሏል። ይሁንና ጭንቀቱ ትልቅ ነው ብለው የበሩን አደብ ትንሽ ነው በማለት አላለፉትም።

ከዚህም የሚልቅ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ሰዎችን ለወሊማ ጠሩ። ምግቡ ተበላ፤ አብዛኛው ሰው ተነስቶ ሄደ። ጥቂቶች ግን ጨዋታ ይዘው እዚያው ቀሩ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) እንደሚነግረን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይነሱ ይሆናል ብለው ወጡ፤ የባለቤቶቻቸውን ክፍሎች ዞረው ሲመለሱም ሰዎቹ አሁንም ተቀምጠዋል። «ሂዱ» ለማለት ሐያእ ያዛቸው። ርሳቸው ያፈሩበትን ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አሕዛብ 53ኛ አንቀጽ ተናገረው፤ ከበላችሁ በኋላ ተበተኑ፣ ለወግ ብላችሁ አትቆዩ፣ ይህ ነቢዩን ያስቸግራቸዋል የሚል መልእክት ያለው ቁርአን ወረደ። እንግዲህ እንግዳ ከልክ በላይ መቆየቱ በዓለማቱ ጌታ ቃል ውስጥ ስፍራ ካገኘ፣ ጥቃቅን ልማዶችን ጥቃቅን ናቸው ብሎ መናቅ የማን ድፍረት ነው?

እስቲ በየዕለቱ የምናያቸውን እንቁጠር። ከመስጊድ እንጀምር። ጫማውን ደፍ ላይ አውልቆ የሚገባና ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ የሚያዘልል አለ። ጁሙዓ ቀን ኹጥባ ከተጀመረ በኋላ መጥቶ በሰው ትከሻ ላይ እየተራመደ የፊት ሶፍ የሚፈልግ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ያደረገውን ሰው ባለበት እንዲቀመጥና ሰዎችን እንዳስቸገረ እንደነገሩት አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበዋል። ጥሬ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት በልቶ ከጎናችን የሚቆም አለ፤ ይህን የበላ ወደ መስጊድ እንዳይቀርብ የሚያዘው ሐዲስ ግን በቡኻሪም በሙስሊምም ውስጥ ይገኛል። የስልኩን ድምፅ ሳያጠፋ ሶላት የሚገባም አለ። ኢማሙ ቁርአን ሲቀሩ ከአንዱ ኪስ ዘፈን ይነሳል፤ ባለቤቱም ሶላቴ ይበላሽብኛል ብሎ እስከ መጨረሻው ያዘፍነዋል። እጅን ወደ ኪስ ሰዶ ማጥፋት ጥቂት እንቅስቃሴ በመሆኑ ሶላትን እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማዎች አስረድተዋል።

ቧንቧ ከፍቶ ዉዱእ የሚያደርገውንም አንርሳ። ውሃው ይፈሳል፤ እርሱ ግን ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ገበያ ያወራል፤ ከኋላው አሥር ሰው ቆሟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፏል። አንድ ሙድ መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ የሚያፍሰው ያህል ነው፤ ሊትር አይሞላም።

ወደ ሰፈር እንውጣ። የደጁን ጥራጊ ወደ ጎረቤት ደጅ ገፍቶ «ጠረግሁ» የሚል አለ። መኪናውን በሰው በር ላይ አቁሞ «ሶላት ሰግጄ መጣሁ» የሚል አለ፤ ሶላቱ ግን ለጎረቤት ሐቅ ማካካሻ አይሆንም። ታክሲ ውስጥ ስልኩን በከፍተኛ ድምፅ ከፍቶ ለአሥራ አንድ ሰው ያለ ፈቃዳቸው የሚያሰማ አለ። ኒካሕ ለ4 ሰዓት ጠርቶ ለ7 ሰዓት የሚጀምር አለ። «ትመጣለህ?» ሲባል «ኢንሻአላህ» ብሎ፣ በልቡ ግን «አልመጣም» የሚልም አለ። ወንድሞችና እህቶች፣ «ኢንሻአላህ» አላህን የምናስታውስበት ታላቅ ቃል ነው፤ ለእምቢታ መሸፈኛ አናድርገው። ሕፃናት ከአባታቸው አፍ «ኢንሻአላህ» ሲሰሙ «አይገዛልንም ማለት ነው» ብለው የሚተረጉሙበት ቤት ካለ፣ ጥፋቱ የሕፃናቱ አይደለም።

ከቤትም ውስጥ አይጠፋም። ሚስት ግማሽ ቀን ምድጃ ሥር ውላ ያቀረበችውን ወጥ ገና ሳይጎርስ «ጨው አንሶታል» የሚል ባል አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አንድም ጊዜ ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ነግሮናል። አንድ ትሪ ቀርቦ ከፊቱ ያለውን ትቶ ሥጋ ፍለጋ በሰው ፊት የሚያልፍ እጅ አለ። ሦስት ሆነው ተቀምጠው ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሦስተኛዋ ምን እንደተባለባት እያሰበች የምትሳቀቅ እህት አለች። እናት ስትናገር ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «እሺ፣ እሺ» የሚል ወጣትም አለ። እናት «እሺ» ብቻ አትፈልግም፤ ፊቱንም ትፈልጋለች።

እስካሁን ስንዘረዝር ከአንባቢዎቻችን መካከል «ይህ እገሌ ነው!» እያለ በልቡ የሚጠቁም እንደማይጠፋ እናምናለን። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባናል። የሚያናድደን ሁሉ ጥፋት አይደለምና። የሰው አረማመድ፣ አሳሳቅ፣ ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ፣ የሚደጋግመው ቀልድ ያናድደን ይሆናል። በዚህ የተጎዳ ሐቅ ግን የለም፤ የተነካው የኛ ምርጫ ብቻ ነው። ስለዚህ መለኪያችን «ይህ ነገር ሰውን ይጎዳል ወይስ እኔን ብቻ አይጥመኝም?» የሚል ይሁን። የሚጎዳ ከሆነ ይነገራል፤ የማይጥም ብቻ ከሆነ ይዋጣል። የመጀመሪያውን ዝም ማለት ለወንድም አለማዘን ነው፤ ሁለተኛውን መናገር ደግሞ ራሱ ሌላ አስቸጋሪ ልማድ ነው።

ይህን ሳይለዩ የሚመጣው ጉዳት በመስጊዶቻችን ውስጥ ይታያል። አንድ ሕፃን ከአባቱ ጋር መጥቶ በሶፍ መካከል ይሮጣል ወይም ይስቃል። ገና ከማሰላመታችን ከግራም ከቀኝም «ይህን ልጅ ማነው ያመጣው? ሁለተኛ እንዳይመጣ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። አባት ያፍራል፤ ልጁም ይፈራል። የልጁ ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ አውኮን ይሆናል፤ የኛ ቁጣ ግን ከመስጊድ ለዓመታት ሊያርቀው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያው ሽማግሌ «የዛሬ ወጣቶች መስጊድ አይመጡም» ብሎ ያማርራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰዎችን አሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲነሱ ያነሷት ነበር። ሶላቱን ሊያስረዝሙ አስበው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ያሳጥሩ ነበር። ያሳጠሩት ሶላታቸውን ነው፤ እናትየዋን ከነልጇ እንድትወጣ አላዘዙም። ልጅን ሥርዓት ማስተማር የአባት ኃላፊነት መሆኑ እንዳለ ነው፤ ግን ትምህርቱ በለሆሳስ፣ ትከሻውን ዳሰስ አድርጎ ይሁን።

መናገር ሲገባን እንዴት እንናገር? ለዚህም ምሳሌ አለን። አንድ የገጠር ዐረብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባሉበት መስጊድ ውስጥ ሽንቱን መሽናት ጀመረ። ሶሐቦች ሊቆጡት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳያቋርጡት አዘዙ፤ ሲጨርስም በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አስፈሰሱበት። ሰውየውንም መስጊድ ለምን እንደተሠራ በእርጋታ አስረዱት። የብዙ ሰዎችን ጥፋት ሲያርሙ ደግሞ ስም ሳይጠሩ «እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ምን ሆነዋል?» በሚል አነጋገር ይናገሩ ነበር። እኛ ግን ስም ጠርተን፣ ሰው ሰብስበን፣ ድምፅ ከፍ አድርገን መምከር ይቀናናል። በሰው ፊት የተሰጠ ምክር ልብ አይደርስም፤ ፊት ላይ ይቀራል።

በመጨረሻ ለቤተሰቦች አንድ ነገር እናሳስብ። በዚህ ወር ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ ተሰብሰቡ። በዚያ ምሽት እያንዳንዱ ሰው ቤተሰቡን «ከኔ ልማድ የሚያስቸግራችሁ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሌላውን መክሰስ አይፈቀድም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። የሚመልሰውም አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ወር ያቆየው። አባት ቀድሞ ይጠይቅ፤ አባት የጀመረውን ልጆች ለመከተል አይቸገሩም። የተነገረውም አይቆጣ፤ «ጀዛከላህ» ብሎ ይቀበል። ነገ በቂያማ ቀን ሐቁን ከሚጠይቀን ሰው ዛሬ ቡና እየጠጣ የሚነግረን ይሻለናል።

በሰው መንገድ ላይ ያለን እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። እንቅፋት ደግሞ ድንጋይና እሾህ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ጫማ ነው፣ አንዳንዴ ድምፅ ነው፣ አንዳንዴም ስማችንን ሳንናገር የምናንኳኳው በር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎች ከምላሳችንም ከእጃችንም ሰላም የሚያገኙብን ሙስሊሞች ያድርገን፤ የሌሎችንም ድክመት የምንችልበት ሰፊ ልብ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።