ሳልን ደብቆ ለዒድ መውጣት ተወኩል ነውን?



የ1442ኛው ዓመተ ሂጅራ ዒድ አልፈጥር፣ ማለትም ግንቦት 5 ቀን 2013 የዋለው ዒድ፣ እኛን ያገኘን በር ዘግተን ተቀምጠን ነው። የልጆቼን እናት በረመዷን የመጨረሻ ሳምንት ትኩሳትና ሳል ያዛት፤ ስትመረመር ኮሮና መሆኑ ታወቀ። ሕመሟ ስላልጠና ሐኪም ቤት መተኛት አላስፈለጋትም። እሷ ከእኛ ተለይታ በጓዳው ክፍል፣ እኔና አምስቱ ልጆች ደግሞ ከሰው ተለይተን በግቢያችን እንድንቆይ ተነገረን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ግንቦት 16 ቀን 2012 የዋለውን ዒድ፣ አብዛኛው ሰው እቤቱ ስለሰገደ ማንም ማንንም አላማም ነበር። የ2013ቱ ግን ሌላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እኛ ብቻ ቀረን።

በዋዜማው ማታ አንድ የማከብራቸው የሰፈራችን አባት በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«ኡስታዝ፣ ነገ አትወጣም አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባባ፤ ሰው እንዳናስይዝ ብለን ነው» አልኳቸው።

«እሷ ትቅር፣ ታማለች። አንተ ምን ሆንክ? ቁርኣን የምታስተምር ሰው ነህ። አላህ ያልጻፈው አይነካህም፤ የጻፈውንም በር ዘግተህ አታስቀረውም። ዒድ ደግሞ እቤት ተቀምጦ አይከበርም። ለሕዝቡስ ምን እያስተማርክ ነው?» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ማታ መልስ አልሰጠኋቸውም። ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ፤ ወደ በኋላ እናገረዋለሁ። ንግግራቸው ግን የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀለም ባልፈጀሁ ነበር። በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየለቅሶው፣ በየቡናው የሚነገር ነው። ትኩሳቱን በክኒን አብርዶ፣ ሳሉን በፎጣ አፍኖ ጀማዓ መሐል የሚቆም ሰው «ኢማኑ ጠንካራ» ይባላል። እቤቱ የቀረው ደግሞ ፈሪ ይባላል። ለመሆኑ ይህን ሚዛን ከየት አመጣነው?

አላህ የወሰነው ካልሆነ በስተቀር ምንም እንደማይደርስብን እናምናለን፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን እኚሁ አባት ማታ ማታ ሱቃቸውን በሁለት ቁልፍ ይዘጋሉ። አላህ ያልጻፈውን ሌባ አይወስደውም፣ የጻፈውንም ቁልፍ አያስቀረውም ብለው በሩን ከፍተው አያድሩም። ለስኳርና ለዘይት የሆነ ጥንቃቄ ለሰው ነፍስ ሲሆን የኢማን ድክመት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ከድንበሩ ሲደርሱ ምድሪቱ ወረርሽኝ እንደገባባት ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ከዚያም ሰዎቹን ይዘው ወደ መዲና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ያነሱባቸው ጥያቄ የእኛን አባት ጥያቄ ይመስላል፤ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ የሚል ነበር። ዑመር የመለሱላቸው ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንደሚሄዱ ነው። አንዱ ወገን ለምለም፣ ሌላው ወገን ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ የወረደ ባለ ግመልም በሁለቱም በኩል ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ማሰማራቱ እንደሆነ በምሳሌ አስረዷቸው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት ሀገር አትግቡ፣ ካላችሁበት ሀገር ከተነሣም ሸሽታችሁ አትውጡ ማለታቸውን ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። እንግዲህ በዑመር ተወኩል ላይ አፉን የሚከፍት ሰው ካለ ይምጣ!

ልብ በሉ፣ በሐዲሱ ውስጥ ሁለት ትእዛዝ አለ። ጤነኛው እንዳይገባ፣ ያለበትም እንዳይወጣ። እኛ የመጀመሪያውን ወደን ሁለተኛውን እንረሳለን። የታመሙ ግመሎች ባለቤት ጤነኞቹ ወዳሉበት ውኃ መንጋውን እንዳይነዳ የከለከሉን እሳቸው አይደሉምን? ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው መስጊድ እንዳይቀርብ ያዘዙንስ? አጠገቡ የቆመውን ሰጋጅ በሽታ ለሚያውክ ሰው ይህ ከተባለ፣ ሳንባውን ለሚያቃጥል ሰው ምን ሊባል ነው?

«ብዙ ሆነን ዱዓ ብናደርግ በሽታው ይነሣ ነበር» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የታላቁን ዓሊም የኢብኑ ሐጀር አል ዐስቀላኒን መጽሐፍ ልጠቁማቸው። ኢብኑ ሐጀር ሴት ልጆቻቸውን በወረርሽኝ ያጡ ሰው ናቸው፤ ስለ ወረርሽኝም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በ833 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ ውስጥ በሽታው ሲጀምር በቀን የሚሞተው ሰው ከአርባ በታች እንደነበረ መዝግበዋል። ሕዝቡ ለዝናብ ዱዓ እንደሚደረገው ሦስት ቀን ጾሞ ወደ በረሃ ወጣ፤ ተሰበሰበ፤ ዱዓ አድርጎ ተመለሰ። ወሩ ሳያልቅ በቀን የሚሞተው ከአንድ ሺህ በላይ ሆነ። ይህን የጻፈልን በዱዓ የማያምን የፈረንጅ ሐኪም አይደለም። የቡኻሪን ሐዲስ ስብስብ ያብራሩት ሰው ናቸው።

«ዒድ እቤት አይከበርም» ወደሚለው እንምጣ። ሰሓቢዩ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ከበስራ ወጣ ባለችው ዛዊያ በምትባል ስፍራ ቤት ነበራቸው። ዒድን ከኢማሙ ጋር መስገድ ሲያመልጣቸው ቤተሰባቸውንና ልጆቻቸውን ሰብስበው የከተማው ሰው እንደሚሰግደው ያሰግዱ ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ በዝናብና በጭቃ ቀን፣ ያውም በጁሙዓ፣ ሙአዚኑን ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ በአዛኑ ውስጥ እንዲያውጅ አዘውታል። ለጭቃ!

እርግጥ ነው፣ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በሻፊዒይ መዝሀብ ሰው ብቻውንም ሆነ ከቤተሰቡ ጋር የዒድን ሶላት መስገድ ይችላል። የሐነፊ መዝሀብ ዑለማዎች ግን የዒድ ሶላት ከጀማዓው ጋር የሚሰገድ ስለሆነ ያመለጠው ሰው የዱሓ ሶላት አራት ረከዓ ቢሰግድ ይወደዳል ይላሉ። ሁሉም በተማረበት ይሥራ። «እቤት የቀረ ሰው ዒድ የለውም» ያለ መዝሀብ ግን አላውቅም።

እኛ ምን አደረግን? የዘካተል ፊጥር ጉዳይ ነበር መጀመሪያ ያስጨነቀኝ። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ሷዕ፣ ማለትም በመካከለኛ ሰው እጅ አራት እፍኝ ሙሉ፣ የሰባታችን ሰባት ሷዕ ከሶላት በፊት ለሚገባው ሰው መድረስ አለበት፤ እኔ ደግሞ ከደጅ አልወጣም። ወንድሜን በስልክ ወከልኩት፤ ስንዴውን ገዝቶ በዋዜማው አደረሰልኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ተክቢራ ጀመርን። ልጆቹ መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣ አለ፤ አፈሩ። እናታቸው ከጓዳው ሆና በዚያ በተሰባበረ ድምጿ ስትቀበለን ግን የቤቱ ጣሪያ ሊነሣ ደረሰ። ጠዋት ታጥበን፣ አዲስ ባይኖር ንጹሑን ለብሰን፣ ሦስት ሦስት ቴምር ቀምሰን፣ ሳሎኑ ውስጥ ሰገድን፤ በመጀመሪያው ረከዓ ሰባት፣ በሁለተኛው አምስት ተክቢራ። እሷ በክፍሏ ተቀምጣ ብቻዋን ሰገደች። ቁርሱን ትልቋ ልጄ ሠራችው፤ ገንፎው ቀጥኖ ነበር፣ ማንም አልተናገረም። ትሪው ጓዳው በር ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ራቅ እንላለን፤ ከዚያ እሷ ከፍታ ታነሣለች። ዚያራውን በስልክ አደረግነው። ዒድ ሙባረክ የምንለው ዘመድ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ አንድ በአንድ ተጠራ፤ እንዲያውም በሌላ ዓመት የምንረሳቸው ሁለት የገጠር ዘመዶች ያን ቀን ተገኙ።

ትንሿ ልጄ ግን እስከ ዛሬ ያን ዒድ አትቆጥረውም። እጇን ሂና የምትቀባት እናቷ ነበረች፤ እህቷ ስትቀባት ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆች በአዲስ ልብስ በየቤቱ ሲዞሩ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች አለቀሰች። ላታልላት አልሞከርኩም። ዒድ የደስታ ቀን ነው፤ ከደስታው የጎደለብን ነገር ነበር። እናታቸውም ከበሩ ማዶ ሆና «በእኔ ምክንያት» ስትል ሰምቻታለሁ። ሙእሚን ሲታመም ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት፣ ወረርሽኝ በገባበት ሀገር ምንዳውን ከአላህ አስቦ በትዕግሥት የተቀመጠም የሸሂድ አምሳያ ምንዳ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን በበሩ ሥር ነገርኳት። «እንግዲያው ለምን ፈሪ ተባልን?» አለችኝ።

አሁን ለአባባ ያልመለስኩበትን ምክንያት ልናገር።

ሐምሌ 24 ቀን 2012፣ በዒድ አል አድሃ፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ሳል ነበረኝ። የሐምሌ ብርድ ነው አልኩ። ወረርሽኙ ሀገር ውስጥ ከገባ አራት ወር አልፎት ነበር፤ መጠርጠር እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ግን ኡስታዙ በዒድ ቀን ቀረ እንዲባል አልፈለግሁም። አርጄ ሥጋውን አከፋፈልኩ፤ የአባቴ እህት ዘንድ ሄጄ ጉልበቷን ስሜ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሦስት ሲኒ ቡና ጠጣሁ። «ምን ሆነህ ነው የምትስለው?» ስትለኝ «ጢስ ነው» አልኳት። በሳምንቱ ታመመች። ጳጉሜን ሳይገባ ቀበርናት። በዚያ ዒድ ሌላም ብዙ ሰው ጠይቋታል፤ ከማን እንደያዛት የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጢስ አልነበረም፤ ዋሽቻታለሁ። እውነቱን ብነግራት «ደጅ ላይ ሁን ልጄ» ብላ ቡናዬን እዚያው ትልክልኝ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

ስለዚህ «ተወኩል» የሚለውን ቃል በዚህ ጉዳይ ስሰማ ይከብደኛል። እኔን ያን ቀን ያወጣኝ ተወኩል አልነበረም። የሰው ዓይን ነበር። እስቲ እናንተም ሳላችሁን ደብቃችሁ የወጣችሁበትን ቀን አስታውሱና ያወጣችሁ ማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። በራሴ ሕይወት ልድፈር ብል በአላህና በእኔ መካከል ነው ይባል ይሆናል። በአሮጊት አክስቴ ሕይወት ልደፍር ግን ማን ፈቀደልኝ? የሰው ሐቅ እኮ ባለቤቱ ይቅር ካላለ የማይፋቅ ዕዳ ነው፤ ባለቤቷ ደግሞ አፈር ውስጥ ናት።

ወቀሳው ለታመመው ብቻ መሆን የለበትም። ሰው ለምን ይደብቃል? ስለምናሸሸው ነው። በሽታው እንደተሰማ ልጆቹን በስም የሚጠራቸው ይጠፋል፤ የተከራየበትን ቤት ልቀቅ የሚባል አለ፤ ከዳነ በኋላ እንኳ ሲኒው ለብቻ የሚቀመጥበት አለ። በአንድ በኩል «ውጣ፣ ፈሪ» እንለዋለን፤ በሌላ በኩል መታመሙን ሲናገር እንሸሸዋለን። ታዲያ ምን ያድርግ? በሽተኛን መጠየቅ ከሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉ ሐቆች አንዱ ነው። መጠየቅ ማለት ግን የግድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ መጋራት አይደለም። ለእኛ ያን ቀን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት ምግብ በራችን ድረስ መጥቷል። የአንዷ ጎረቤታችን አብሽ ከነማሰሮው ደፉ ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ተገኝቷል፤ አንኳኩታ ትሄዳለች፤ «ማሰሮውን እንዳትመልሱ» ትላለች ከመንገድ ማዶ። እሷ በሽተኛ አልጠየቀችምን?

«ኮሮና እኮ አለፈ» የምትሉ ትኖራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜውን ያነሣው በሚያዝያ 2015 ነው፤ በሽታውን ግን ከምድር አጠፋሁ አላለም። ደግሞስ ሌላ በሽታ የለንም? ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣም በኋላ እስከ አራት ቀን ሌላውን ያስይዛል፤ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ በሽታው አየሩ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ያን ልጅ አዲስ ልብስ አልብሳችሁ ሕፃናት ወደሞሉበት ቤት ለዒድ ይዛችሁት ስትሄዱ ምን ተሸክማችሁ እንደምትገቡ አስቡ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሰውም የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ይመርመር እንጂ በመጀመሪያው ሶፍ ይዞን አይቁም።

በሚመጣው ዒድ ከቤታችሁ አንድ ሰው ቢታመምባችሁ በሩን ዝጉ። ዘካችሁን የሚያደርስ ሰው ወክሉ፤ ተክቢራውን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ አድርጉት። ደውላችሁም ንገሩን፤ ምግቡን እኛ ደፉ ላይ እናስቀምጣለን፤ ማሰሮውን አትመልሱ።